ጠሪውን ያሰበ ኤፒአይ

ዛሬ የምናገረው አንድ ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም አገልግሎት የሚጠይቅበትን ስልት ስለ መምረጥ ነው። ከሙያው ውጭ ለመጣችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ስልካችሁ ላይ ያለው የባንክ አፕ ቀሪ ሒሳባችሁን ሲያሳያችሁ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ አልነበረም። አፑ ለባንኩ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩ ማንነታችሁን አረጋግጦ ምላሹን ይሰጣል። ጥያቄው በምን መልክ እንደሚጻፍ፣ ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚላክ፣ ምላሹ ምን ምን እንደሚይዝ፣ ስህተት ሲፈጠርም በምን እንደሚታወቅ የሚደነግገው ስምምነት ኤፒአይ ይባላል። ይህ ስምምነት የሚጻፍባቸው ስልቶች ብዙ ናቸው፤ ሬስት፣ ግራፍኪውኤል፣ ጂአርፒሲ፣ ሶፕ፣ ዌብሁክ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

ወጣት ፕሮግራመሮች ባገኙኝ ቁጥር «ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከዚህ ጥያቄ በፊት ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች እንዲቀድሙ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ጠሪው ማን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ምላሹ መንገድ ላይ ቢጠፋ ምን ይሆናል? የሚል ነው። የመጀመሪያው ስልቱን እንድትመርጡ ይረዳችኋል። ሁለተኛው ግን የትኛውንም ስልት ብትይዙ አይለቃችሁም፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ፣ ረዘም ያለውን ጊዜም ለእሱ እሰጣለሁ።

ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ልጥራ። በ1984 አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን የተባሉ የዜሮክስ ፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው ፕሮግራመሩ በሌላ ማሽን ላይ ያለን ፈንክሽን በራሱ ማሽን ላይ እንዳለ አድርጎ ይጥራው፣ የኔትወርኩን ጣጣ ከሥር ያለው ሥርዓት ይወጣው የሚል ነበር። ዛሬ የርቀት ጥሪ የምንለው ዘዴ ሁሉ ለዚህ ሥራ ባለዕዳ ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን ያማረውን ብቻ ነግረውን አላለፉም። ጥሪው ምላሽ ይዞ ከተመለሰ ሥራው በትክክል አንድ ጊዜ ተሠርቷል፤ ካልተመለሰ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶም ይሆናል፣ ጨርሶ ሳይሠራም ይሆናል፤ ከሁለቱ የቱ እንደ ሆነ ጠሪው አይነገረውም ብለው በግልጽ ጽፈዋል።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ የሰን ማይክሮሲስተምስ ባለሙያ የነበረው ጂም ዋልዶ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነገሩን ጠበቅ አድርጎ አነሣው። በአንድ ማሽን ውስጥ የሚደረግ ጥሪና በኔትወርክ የሚያልፍ ጥሪ በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸውን ሸፋፍኖ አንድ ማስመሰል በኋላ ዋጋ ያስከፍላል አሉ። ከዘረዘሯቸው ልዩነቶች ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ከፊል ብልሽት ላሉት ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሰናከል ሁሉም አብሮ ይቆማል። በኔትወርክ ላይ ግን አንዱ ወገን ወድቆ ሌላው መሥራቱን ይቀጥላል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ይሁን፣ መስመሩ ተቋርጦ ይሁን፣ ወይስ ሥራ በዝቶበት ዘግይቶ ይሁን፣ ጠሪው ካለበት ቦታ ሆኖ ሊለይ አይችልም። ለእሱ ሁሉም ዝምታ ነው።

ይህን ወደ ክፍያ እናምጣው፤ ዝምታው ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው እዚያ ነውና። አንዲት ነጋዴ በኢንተርኔት ልብስ ትሸጣለች እንበል። ገዢው 2,000 ብር ለመክፈል ቁልፉን ይጫናል። የነጋዴዋ ፕሮግራም ለክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ጥያቄውን ይልካል። ሰርቨሩ ገንዘቡን ይቆርጣል፤ «ተሳክቷል» የሚለውን ምላሽ ሲመልስ ግን መስመሩ ይቋረጣል። 30 ሰከንድ ያልፋል። የነጋዴዋ ፕሮግራም አሁን ምን ያድርግ? ጥያቄውን እንደገና ቢልከው ገዢው 4,000 ብር ሊቆረጥበት ነው። «አልተሳካም» ብሎ ቢተወው ገዢው ብሩን ከፍሎ ልብሱን ሊያጣ ነው። «ብሩ ተቆርጦብኛል፣ እነሱ ግን አልደረሰንም ይላሉ» የሚለውን አቤቱታ ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከዚህ አቤቱታ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው፣ ኤፒአዩ ሲነደፍ የጠፋ ምላሽ ሊኖር እንደሚችል ያላሰበ ሰው ነው።

ዌብ የሚሠራበት የኤችቲቲፒ መስፈርት በዚህ ጉዳይ ላይ ከጥንቱ ሕግ አውጥቷል። ጌት የሚባለው ጥያቄ መረጃ ከማንበብ በቀር ነገር አይለውጥም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ደጋግሙት። ፑት እና ዲሊት ነገር ይለውጣሉ፤ ሆኖም ደጋግማችሁ ብትልኳቸው ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደ ላካችኋቸው ነው። አንድን ሰነድ ሁለቴ ማጥፋት የበለጠ አያጠፋውም። ፖስት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፤ ሁለቴ የተላከ ፖስት ሁለት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ክፍያ በአብዛኛው የሚላከው በፖስት ስለ ሆነ፣ መድገምን የሚከላከል ሌላ ነገር መጨመር የግድ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጠሪው ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ራሱ አንድ ልዩ መለያ ያበጅና ከጥያቄው ጋር ይልከዋል። ምላሽ ካጣ ያንኑ ጥያቄ በዚያው መለያ ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ መለያውን መዝግቦታልና ሥራውን ዳግመኛ አይሠራም፤ ያኔ የሰጠውን ምላሽ አውጥቶ ይመልሳል። አንድ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ቁጥር የመዘገበውን ሒሳብ፣ ያው ቁጥር ሲመጣበት ዳግመኛ እንደማይመዘግበው ማለት ነው። ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ድርጅት ይህን መለያ ከጥያቄው ጋር በሚላክ ሄደር ውስጥ ይቀበላል፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያስታውሰዋል። በአገራችን ያለው ቻፓም ክፍያውን የሚያስጀምረው ፕሮግራም የራሱን ልዩ የግብይት መለያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ክፍያው መፈጸሙንም በዚያው መለያ ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ቢሬልና ኔልሰንም በ1984 ሥራቸው ውስጥ የተደገመ መልእክትን ለመለየት ለእያንዳንዱ ጥሪ መለያ ሰጥተው ነበር። ዕውቀቱ 40 ዓመት ያለፈው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አዲስ የክፍያ ኤፒአይ ሲወጣ ይህ ሲጎድለው ይቅር ማለት ይከብደኛል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ሁኔታ አለ፤ ሥራው ራሱ ጊዜ የሚወስድበት። የጎረቤታችን የኬንያ የስልክ ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ኤምፔሳ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤምፔሳ ሥራ የጀመረው በ2007 ነው። አገልግሎቱን የሚያቀርበው ሳፋሪኮም ዳራጃ የተባለውን የፕሮግራመሮች መግቢያ የከፈተው ግን በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ከኤምፔሳ ጋር ለመገናኘት በኤክስኤምኤል የሚጻፍ የሶፕ መልእክት ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር፤ ለአነስተኛ ሶፍትዌር ቤቶች ቀላል ሥራ አልነበረም። ዳራጃ በተራ ኤችቲቲፒና ጄሰን በሚባል ቀላል የጽሑፍ ቅርጽ የሚሠራ ሆኖ መጣ፤ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ መሞከር ቻለ። የስልት ምርጫ በርን የሚከፍትና የሚዘጋ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አሁን ግን የዳራጃን አሠራር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የሱቁ ፕሮግራም የክፍያ ጥያቄ ሲልክ ወዲያው የሚያገኘው ምላሽ «ጥያቄህ ደርሶኛል» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በገዢው ስልክ ላይ የምስጢር ቁጥር መጠየቂያ ይመጣል። ገዢው ቁጥሩን ያስገባል፣ ወይም ይሰርዘዋል፣ ወይም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይሄዳል። የመጨረሻው ውጤት የሚመጣው በኋላ፣ ሱቁ አስቀድሞ ወደ ሰጠው አድራሻ ነው። ሰርቨሩ በተራው ጠሪ ሆነ ማለት ነው። ይህ አካሄድ ዌብሁክ ይባላል፤ ከ2007 ወዲህ በዚህ ስም ይታወቃል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። «ጥያቄህ ደርሶኛል» የሚለውን «ተከፍሏል» ብለው ያነቡትና ዕቃ ይለቃሉ። ሌሎች ደግሞ ውጤቱን የሚያሳውቀው ማስታወቂያ ሁልጊዜ፣ በሰዓቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል ብለው ያምናሉ። የእናንተ ሰርቨር በዚያች ደቂቃ መብራት ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ሁለቴ ሊመጣ ይችላል። አድራሻችሁን ያወቀ ሌባም የሐሰት ማስታወቂያ ሊልክላችሁ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው ፊርማ ካለው አረጋግጡ፣ መለያውን ከመዝገባችሁ ጋር አመሳክሩ፣ ካልመጣም ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዳራጃም የግብይቱን ሁኔታ መጠየቂያ ለብቻው አዘጋጅቷል።

በአገራችን ቴሌብር በግንቦት 2021 ከተጀመረ፣ ኤምፔሳም በ2023 ከገባ ወዲህ ይህ ሁሉ የኛም የዕለት ሥራ ሆኗል። አንድ ሙሉ የክፍያ ኤፒአይ ጥያቄ መቀበያ፣ ማስታወቂያ መላኪያና ሁኔታ መጠየቂያ፣ ሦስቱንም አሟልቶ መያዝ አለበት። ሁለቱን ይዞ ሦስተኛው የጎደለው ሥርዓት ገና አላለቀም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጠሪው ማን ነው?

ጠሪውን የማታውቁት ከሆነ፣ ማለትም ኤፒአያችሁን ማንኛውም ድርጅት፣ በማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ፣ ነገም ከነገ ወዲያም መጥቶ ሊጠቀምበት ከሆነ፣ ምርጫዬ ያለ ማመንታት ሬስት ነው። ሬስት የሚለውን ስም ያወጣለት ሮይ ፊልዲንግ ነው፤ በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኧርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ። ሰውየው ኤችቲቲፒ 1.1 የተባለውን መስፈርት ከጻፉት አንዱ ነው፤ ስለዚህ የጻፈው ዌብ ለምን እንዲህ ሊስፋፋ እንደቻለ ከውስጥ አይቶ ነው። ብራውዘሩን የሠራው ሰው ዌብሳይቱን የሠራውን አያውቀውም፤ ሆኖም ይግባባሉ። ምክንያቱም ሁለቱም ጥቂት የጋራ ደንቦችን ያከብራሉ፦ እያንዳንዱ ነገር የራሱ አድራሻ አለው፣ የጥያቄው ዓይነት ትርጉም የታወቀ ነው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ለመረዳት የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ይዞ ይመጣል፣ ማስቀመጥ የተፈቀደ ምላሽ ሲሆን በመካከል ያለ ማንም አስቀምጦ ለሌላው ሊሰጠው ይችላል።

ፊልዲንግ ራሱ በ2008 ሬስት ተብለው የሚጠሩ ብዙ ኤፒአዮች ሬስት አይደሉም ብሎ ተቃውሞ ጽፏል፤ ጠሪውን ከአንዱ እርምጃ ወደ ሌላው የሚመሩ አገናኞችን በምላሻቸው ውስጥ አላኖሩምና። እውነቱን ነው። በእኔ አስተያየት ግን በስሙ ላይ ከመከራከር በፊት የሚቀድም ጥፋት አለ። ክፍያው ወድቆ ሳለ 200 የሚል የስኬት ኮድ መልሶ፣ ውስጡ ባለው ጄሰን ላይ «አልተሳካም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። ይህ መጥፎ ልማድ ነው። በመካከል ያለው መሣሪያ ሁሉ፣ የክትትል ሥርዓቱም ጭምር፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ኃላፊው ጠዋት ሪፖርቱን ሲያይ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ደንበኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ አድሯል። ያልተገኘ ነገር 404፣ የተጋጨ ነገር 409፣ ከመጠን በላይ የጠየቀ 429 ይባል። ኮዶቹ የተዘጋጁት ለዚህ ነው።

በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የማይታወቅን ጠሪ ያሰበ ሥራ ነው። የኛን አገር ጨምሮ በብዙ አገሮች የጤና ሚኒስቴሮች ይጠቀሙበታል። ኤፒአዩ ሬስት ነው። በአንድ አገር ያለ የላብራቶሪ ፕሮግራም፣ በሌላው ያለ የስልክ አፕ፣ በሌላው ያለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እርስ በርስ ሳይመካከሩ ሊያያዙት ይችላሉ። የሕዝብ ሥርዓት የምትሠሩ ሁሉ ይህን አርአያ ተመልከቱ።

ሬስት ለኛ ተጠቃሚ የሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለ፤ የዳታ ወጪ መቆጠብ። የአንድ ባንክ ቅርንጫፎች ዝርዝር በየቀኑ አይለወጥም። ሰርቨሩ ከዝርዝሩ ጋር ኢታግ የሚባል ምልክት ቢልክ፣ ስልኩ በማግስቱ «ይህ ምልክት ያለው ቅጂ አለኝ፣ ተለውጧል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 ብሎ ባዶ ምላሽ ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ዳግመኛ አይወርድም። ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ የራሱ ገንዘብ ነው። ብዙ አፖቻችን ይህን ነጻ ስጦታ ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

ጠሪው የራሳችሁ ሌላ ሰርቨር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱንም ወገን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ ሁለቱም በአንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ ይኖራሉ፤ ፍጥነት ያስፈልጋል። እዚህ ጂአርፒሲ ጥሩ ነው። ጉግል ስተቢ የሚባል የውስጥ ሥርዓት ለዓመታት ሲጠቀም ቆይቶ በ2015 ጂአርፒሲን ለሁሉም ከፈተ። መልእክቱ የሚጻፈው ጉግል ቀደም ብሎ በ2008 ይፋ ባደረገው ፕሮቶኮል በፈርስ በሚባል የታመቀ ቅርጽ ነው። ስምምነቱ በአንድ ፋይል ይጻፍና ለጃቫም፣ ለፓይተንም፣ ለጎም ኮዱ ከዚያ ይመነጫል። እኔ ከሁሉ የምወድለት የጊዜ ገደቡን ነው፤ ጠሪው «እስከዚህ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ» ይላል፣ ገደቡም ከአንዱ ሰርቨር ወደ ቀጣዩ አብሮ ሊተላለፍ ይችላል። ማንም የማይጠብቀውን መልስ ሲያሰላ የሚውል ሰርቨር አይኖርም። ደካማ ጎኑም ይታወቃል፦ ብራውዘር በቀጥታ አይናገረውም፣ በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ መልእክቱንም በዓይን አይቶ ማንበብ አይቻልም። ለውጭ ሰው በር አድርጋችሁ ብትሰጡት እንግዳውን ታንገላቱታላችሁ።

ሦስተኛው ጠሪ የራሳችሁ ስክሪን ነው። ፌስቡክ ግራፍኪውኤልን በ2012 የሠራው ለዚህ ነበር፤ የስልክ አፑ የዜና ገጹን ለመሙላት የሚያስፈልገው መረጃ ከብዙ ቦታ የሚሰበሰብ ነበርና ሊ ባይረን፣ ኒክ ሽሮክና ዳን ሼፈር ጠሪው የሚፈልገውን በትክክል ዘርዝሮ በአንድ ጥያቄ የሚያገኝበትን ቋንቋ ሠሩ። በ2015 ይፋ ሆነ። የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ የሆነው ጊትሃብ በ2016 ሲቀበለው የሰጠው ምክንያት በጎ ትምህርት አለው፦ የሬስት ኤፒአዩ ወደ ዳታቤዙ ከሚሄደው ጥያቄ ከ60 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር፤ ምላሾቹ በማያስፈልግ ነገር የታጨቁ ሆነው ሳለ አንድን ገጽ ለመሙላት ግን ሁለት ሦስት ጥሪ ይጠይቁ ነበር።

ግራፍኪውኤል ታዲያ ሸክሙን አላጠፋውም፤ ከጠሪው አንሥቶ ወደ ሰርቨሩ አዛወረው። ጠሪው የፈለገውን እንዲጠይቅ ከተፈቀደለት፣ ሰርቨሩን የሚያንበረክክ ጥያቄም ሊጠይቅ ይችላል። ጊትሃብ በሬስት በሰዓት 5,000 ጥያቄ ሲፈቅድ ነበር፤ በግራፍኪውኤል ግን ጥያቄ መቁጠር ትርጉም ስለማይሰጥ የእያንዳንዱን ጥያቄ ክብደት አስልቶ በሰዓት 5,000 ነጥብ መደበ። ዝርዝር ስትጠይቁም በአንዴ ከ100 በላይ አይሰጣችሁም። ይህን ሒሳብ የሚሠራ፣ የዳታቤዝ ጥሪዎችን የሚያጠቃልል፣ ማን የትኛውን የመረጃ ክፍል ወይም ፊልድ ማየት እንደሚችል የሚቆጣጠር ባለሙያ ያስፈልጋል። ቅድም ያልኋችሁ የ304 ቁጠባም እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ በአብዛኛው በፖስት ወደ አንድ አድራሻ ስለሚሄዱ። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ብዙ ዓይነት ስክሪን፣ የተሳሰረ መረጃና በቂ የሰርቨር ባለሙያ ያላችሁ ግራፍኪውኤልን ያዙ። ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድ አፕ የምትሠሩ ግን ተዉት፤ ለስክሪኑ የተመቸ አንድ ተጨማሪ የሬስት አድራሻ ብትጽፉ ይበቃችኋል። ጊትሃብም ቢሆን ሬስቱን አልዘጋውም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዞ ይሠራል።

ስለ ሶፕ ጥቂት ልበል። ወጣቶች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። በ1998 አካባቢ ተጀምሮ በ2003 የዌብ ደረጃዎችን በሚያወጣው ኮንሶርቲየም የጸደቀ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ስምምነቱ በማሽን የሚነበብ ነው፣ ፊርማውም ከመልእክቱ ጋር ይጓዛል። በባንክ ውስጥ ለዓመታት ያለ እንከን የሚሠራ ሶፕ ካገኛችሁ ፋሽኑ አልፏል ብላችሁ ለማፍረስ አትሩጡ። ፊቱ ላይ ቀለል ያለ ሬስት ሥሩለትና እሱ ሥራውን ይቀጥል።

ስልቱ ምንም ይሁን ምን፣ በውስጡ የምትጽፉት ነገር ሰውን ይነካል። ሁለት የኛን ጉዳዮች ላንሣ። አንዱ ጊዜ ነው። የኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ የዓመቱ ቁጥርም በ7 ወይም በ8 ይለያል፣ ሰዓታችንም በ6 ይዛነፋል። በኤፒአይ ውስጥ ቀን ስትልኩ በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ የሰዓት ቀጠናውን ጠቅሳችሁ ላኩ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጡ ስክሪኑ ላይ ይሁን። አንዱ ሰርቨር በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ የሚጽፍበት ሥርዓት የብድር መክፈያ ቀን ሳይቀር ያዛባል። ሌላው ስም ነው። የኛ ሰው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው፤ የቤተሰብ ስም የለውም። ሁለት ፊልድ ብቻ ባለው ቅጽ አያት ይጠፋል፣ በሌላው ሥርዓት ደግሞ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይመዘገባል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ስምን የሰው መለያ አታድርጉት፤ ለመለያ ቁጥር አለ፣ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም የመጣው ለዚህ ነው። ስሙን ግን በሦስት ፊልድ፣ በግእዝ ፊደልም ጭምር ተቀበሉት። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት እንደሚይዝ አውቃችሁ የፊልዱን ርዝመት ወስኑ፤ ያለበለዚያ የሰውየው ስም ከመካከሉ ይቆረጣል።

ኤፒአይ አንዴ ከወጣ በኋላ የእናንተ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለውን ኮድ ዛሬ ማታ መቀየር ትችላላችሁ፤ ስምምነቱን ግን የማታውቋቸው ሰዎች ፕሮግራማቸውን ሠርተውበታል። ስትራይፕ የቀድሞውን አሠራር ለሚያፈርስ ለውጥ ቀን ያለው አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ ደንበኛው መጀመሪያ በገባበት ቀን የነበረውን መልክ፣ ራሱ እስኪለውጥ ድረስ ይዞ ይቆያል። በፕሮቶኮል በፈርስም እያንዳንዱ ፊልድ ቁጥር አለው፤ ፊልዱ ቢሰረዝም ቁጥሩ ለሌላ ሊሰጥ አይገባም። ፊልድ ጨምሩ፣ የነበረውን ግን አታጥፉ፣ ትርጉሙንም አትለውጡ። መለወጥ የግድ ሲሆን አዲሱን ከአሮጌው ጎን አቁሙና ሰዎች የሚዛወሩበት በቂ ጊዜ ስጡ።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። የኤፒአያችሁን ሰነድ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፈቱት። ዛሬ አንድ ወጣት የአንድን ድርጅት ኤፒአይ ለማየት ብቻ ደብዳቤ አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ሳምንታት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ሰነዱን መክፈት ገንዘቡን መክፈት አይደለም፤ የምስጢር ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው። እውነተኛ ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት መለማመጃም አዘጋጁ። ለውጥ ስታደርጉ አስቀድማችሁ አሳውቁ። የዳራጃ በር ለኬንያ ወጣቶች የሰጠውን ዕድል የኛም ወጣቶች ይገባቸዋል።

እናንተ ኮድ የምትጽፉ ደግሞ፣ ሬስትም ምረጡ ጂአርፒሲም ምረጡ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ይህን ፈተና ስጡት፦ ጥያቄውን ላኩ፣ ሰርቨሩ ሥራውን እንደ ጨረሰ መስመሩን ሆን ብላችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ላኩ፤ የደንበኛው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ከተቆረጠ አታስረክቡት።